ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፤ የቻይና እጅ በጎጃም መንገድ

አንባቢ ሆይ፤

የሩቅ አገር ኀይል ወደ ሌላው አገር የሚገባበት በር ብዙ ነው። አንዱ በጦር ይመጣል፤ አንዱ በስብከት ይመጣል፤ አንዱ ደግሞ በገበያ ይመጣል። በጦር የመጣውን አባቶቻችን ያውቁታል፤ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ቆጥረው ይነግሩናል። በገበያ የሚመጣው ግን ቀን የለውም። አንድ ቀን ጧት ተነሥተው ቤትዎን ቢመለከቱ፣ ሻይ የሚቀዱበት ፔርሙስ፣ ሌሊት የሚያበሩት የእጅ ባትሪ፣ ከልጅዎ ጋራ የሚነጋገሩበት ስልክ፣ ዝናብ የሚያስጥልዎ ጃንጥላ ሁሉ ከአንድ አገር የመጣ ሆኖ ያገኙታል። ስለዚህ ስለ ቻይና ኀይል ልነግርዎ ባሰብሁ ጊዜ፣ ወደ ቤይጂንግ አደባባይም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ታላላቅ ሕንፃዎች ከመውሰድ ይልቅ፣ ወደ ምዕራብ ጎጃም አገር ቤት ልወስድዎ መረጥሁ።

ይህን መንገድ የሄድሁት በኅዳር 2015 ዓ.ም.፣ በቆሎው ደርቆ መሰብሰብ በጀመረበት፣ በርበሬውም በየደጃፉ ተሰጥቶ በቀላበት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ አገሩን ምን እንደ ገጠመው በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

የሦስት አገር ሥራ በአንድ ሸለቆ

ከአዲስ አበባ ገና ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣው አውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ምድሪቱ በድንገት ታልቃለች። ከፊትዎ የዓባይ በረሃ ይከፈታል፤ መንገዱም እንደ ተጣለ ገመድ እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል። ይህን መንገድ በመጀመሪያ ለመኪና የቆረጡት ኢጣልያኖች ናቸው። እነርሱ ለጦራቸው ማለፊያ ብለው ያወጡትን እኛ ለእህላችን ማመላለሻ አደረግነው። ከታች ሲደርሱ ከጥንቱ ድልድይ አጠገብ በወፋፍራም የሽቦ ገመድ የተወጠረ አዲስ ድልድይ ያያሉ። ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀ ነው።

ወደ ደጀን የሚወስደውን ዳገት ሲወጡ ደግሞ በመስኮት ይመልከቱ። እያቃሰቱ ከሚወጡትና ከሚወርዱት ከባድ ካሚዮኖች እጅግ ብዙዎቹ የቻይና ሥራ የሆኑ ሲኖትራኮች ናቸው። በቀይ ቀለማቸውና በሚያደርሱት አደጋ ምክንያት የከተማ ሰው «ቀይ ሽብር» የሚል ቅጽል አውጥቶላቸዋል። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ይህ ቅጽል እንዲያው ለቀልድ እንዳልወጣ ያውቃል።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሦስት አገር ሥራ አዩ፤ የኢጣልያ መንገድ፣ የጃፓን ድልድይ፣ የቻይና ካሚዮን። የእኛስ ወዴት ነው? ቢሉ፣ በካሚዮኑ ላይ የተጫነው ጤፍና በቆሎ የእኛ ነው። የጉዞአችን ጥያቄ ከዚህ ይጀምራል።

በፍኖተ ሰላም ገበያ

ደጀንን፣ ሉማሜንና ደብረ ማርቆስን አልፈው ደምበጫ ሲደርሱ አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉም እየበዛ ይሄዳል። ጅጋን ካለፉ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፍኖተ ሰላም ይገባሉ። ከተማይቱ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ወጀት ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገብተው፣ በበላያ በኩል ወደ ቡሬ ወጥተው፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፉ የዛሬውን ስሟን እንዳገኘች ይነገራል፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

በመንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረዋል። ከእነርሱ በስተ ጀርባ ባሉት ሱቆች ግን የአገር ምርት ፈልገው ቢደክሙ የሚያገኙት ጥቂት ነው። ባልዲው፣ ጀሪካኑ፣ ሰሌን የተካው የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ የፀሐይ ብርሃን የሚያበራው መብራት፣ የሕፃናቱ ጫማ፣ ሌላው ቀርቶ ለጠበል ማመላለሻ የሚሆነው የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ ከቻይና የመጣ ወይም በቻይና ማሽን የተሠራ ነው። ስልኩ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ ቴክኖ የሚባለውን ስልክ የሚሠራው የቻይና ኩባንያ በአገራችን ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለመልካቸው እንግዳ የሆነ የውጭ አገር ሰው ሲያዩ ድሮ «ፈረንጅ» ይሉ የነበሩ ሕፃናት ዛሬ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል። ሰውየው ጃፓናዊ ቢሆን ወይም ኮርያዊ፣ ለእነርሱ ሁሉም አንድ ነው። ሌላም የተለመደ ንግግር አለ፤ ዕቃ ቶሎ ሲሰበር «የቻይና ነው» ይባላል። እንዲህ ያለው ሰው ግን በነጋታው ሄዶ ያንኑ ዐይነት ይገዛል። ነገሩ ቢደንቀኝ አንዲት ባለሱቅ ጠየቅሁ።

«እትዬ፣ ይህ ፔርሙስ ይበረክታል?»

«እንደ ገንዘቡ ነው ወንድሜ» አሉኝ ፈገግ ብለው። «እዚያው ቻይና ውስጥ የሚበረክተውም የማይበረክተውም ይሠራል። ነጋዴው ደንበኛው ምን ያህል እንደሚከፍል ያውቃል፤ በዚያው ልክ ያስመጣል። እኔ ውዱን ባስመጣ አቧራ ይጠጣል እንጂ የሚገዛኝ የለም። ሰዉ ቻይናን ይሰድባል፤ እኔ ግን የምሰድበው ድህነታችንን ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ነገር ከምሁር ብሰማው ያን ያህል ባልገረመኝ ነበር።

የላህ ወንዝ ሞተር

በነጋታው ከከተማው ወጣ ብዬ ወደ ላህ ወንዝ ወረድሁ። ገና ሳልደርስ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው ቀይ የውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ይጠብቃሉ። ውሃው በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ሽቅብ ወጥቶ በሽንኩርት መደቦች መካከል ይፈሳል።

«እንደምን ዋሉ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ ደኅና ነህ ልጄ?»

ከጎናቸው ተቀመጥሁ። ስለ ሞተሩ ስጠይቃቸው ዐይናቸው በራ።

«ድሮ ዝናብ ሲያበቃ ሥራም ያበቃ ነበር። በጋውን ስንሟገትና ድግስ ስንዞር እናሳልፈው ነበር። ይህ ሞተር ከመጣ ወዲህ ግን በበጋ ሽንኩርትና በርበሬ አወጣለሁ። የበኽር ልጄን ኮሌጅ ያስተማርሁት በዚሁ ነው።»

«እንግዲያው የሠሩት ሰዎች ይመስገኑ» አልሁ።

«ይመስገኑ፤ እስኪሰበር ድረስ!» ብለው ሣቁ፤ ወዲያውም ሣቃቸው ጠፋ። «ዓምና በጥር ቆመብኝ። የጎደለችው አንዲት ትንሽ ጎማ ናት፤ ይህን ጥፍሬን የምታህል። እርሷን ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ ሰው ላክሁ። ይህን ዐይነት አናመጣም፣ ሙሉ ሞተር ግዛ አሉት። በዚህ መካከል ሽንኩርቱ ፀሐይ በላው፤ የዓመት ልፋቴን ዐይኔ እያየ ቀረሁ። ልጄ፣ ዕቃውን ሸጡልን እንጂ ዕውቀቱን አልሸጡልንም። እኛም ዋጋውን ስንጠይቅ ዕውቀቱን አልጠየቅን!»

ሞተሩ በኋላ እንዴት እንደ ዳነ ስጠይቃቸው ወደ ከተማው አመለከቱኝ። አንድ ወጣት ጥገና ሠራተኛ ሁለት የሞቱ ሞተሮችን ፈትቶ፣ የአንዱን አካል ለሌላው ሰጥቶ፣ የጎደለችዋን ጎማ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቀርጾ ነበር ያስነሣላቸው። ትምህርቱን ያገኘው ከብስክሌትና ከባጃጅ ጥገና ነው።

የሽማግሌው ቃል በልቤ አደረ። በአንዲት ጥፍር በምታህል ጎማ የቆመው ሞተርና መንግሥታት በብዙ ሺህ ሚሊዮን ብድር የሚሠሩት ሥራ ጥያቄአቸው አንድ መስሎ ታየኝ። ይህን ለማየት ግን ሁለቱ አገሮች እንዴት እንደ ተዋወቁ አስቀድመን በአጭሩ እንመልከት።

ከጠላትነት ወደ ወዳጅነት

ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን በዘመናችን በብዛት መጀመሪያ የተገናኙት በጦር ሜዳ ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር ሆኖ ከሰሜን ኮርያና ከቻይና ወታደሮች ጋራ ተዋግቷል። በጥር 1956 ዓ.ም. የቻይና ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ንጉሠ ነገሥቱ የተቀበሏቸው በአስመራ ነበር። የሁለቱ መንግሥታት የዲፕሎማቲክ ግንኙነት የተመሠረተው በኅዳር 1963 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ቤይጂንግ ሄደው ከማኦ ዜዱንግ ጋራ ተገናኙ። ዘውድ የጫነ ንጉሥና ዘውድን የሚነቅፍ አብዮተኛ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተነጋገሩበት ጉብኝት ነበር።

የዚያ ወዳጅነት ትልቁ ፍሬ ከወረታ ተነሥቶ በጋይንት በኩል እስከ ወልድያ የሚዘልቀው 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በቻይና ርዳታ የተሠራው በደርግ ዘመን ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። የቻይናና የአፍሪካ የትብብር ጉባኤ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደረገ። በቻይና 200 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ የተሠራው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በጥር 2004 ዓ.ም. ተከፈተ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ደግሞ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቁ። ለጎጃም ሰው ቅርብ የሆነው ምሳሌ በባሕር ዳር ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር የሚረዝመውን ይህን ድልድይ የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ እኔ በሄድሁበት ዓመት ገና በመሠራት ላይ ነበር፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ።

እንግዲህ ከላህ ወንዝ ሞተር እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ያለውን ካየን፣ ወደ ቡሬ እንሂድ።

ቡሬ፤ የመንገዶች መገናኛ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በመካከል ማንኩሳ አለች። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ የበዛብህ አገር ናትና። ዛሬ በማንኩሳ ግራና ቀኝ የሚያዩት የበቆሎ እርሻ ነው። ምዕራብ ጎጃም ከአገራችን ዋና ዋና የበቆሎ አምራቾች አንዱ ሲሆን፣ የቡሬ፣ የወንበርማና የጃቢ ጠህናን ገበሬ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከለመደ ብዙ ዘመኑ ነው።

ቡሬ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፤ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት። የሩቅ አገር ነገር በዚህ ምድር ማለፉም የዛሬ አይደለም። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከዓባይ ማዶ ከእናርያ የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ጭነው ወደ ጎጃም ገበያዎች ይሻገሩ ነበር። የባሶ ገበያ በውጭ አገር ተጓዦች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነበር። ነጋዴው የሚቀበለው ገንዘብ የኦስትሪያ ንግሥት መልክ የተቀረጸበት ማርትሬዛ ብር ነበር። ቡናው እንዲሁ ጥሬውን ሄደ፤ ብሩ ተቀርጾ መጣ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ።

ዛሬ በቡሬ ሊታይ የሚገባው ትልቁ ነገር የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኩ ነው። መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ ካቋቋማቸው አራት እንዲህ ካሉ ፓርኮች አንዱ ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በቡልቡላ፣ በይርጋለምና በባዕከር ናቸው። የቡሬው በ2013 ዓ.ም. ተመረቀ። አሳቡ ሲናገሩት ቀላል ነው፤ በጆንያ የሚወጣው እህል ዱቄት፣ ዘይት፣ መኖ ሆኖ ይውጣ፤ ዋጋውም ሥራውም እዚሁ ይቅር። ወደ ፓርኩ ቀድመው ከገቡት መካከል አኩሪ አተር የሚያቀነባብር የቻይና ባለሀብቶች ፋብሪካ ይገኝበታል። በዚያው በቡሬ፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ባለሀብት የተቋቋመው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር ዘይት ለማምረት እንዲችል ሆኖ ነበር።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ ተቃና? ገና ነው። የአገራችን ዘይት ፋብሪካዎች ዋና ችግር ጥሬ ዕቃ ነው። የውጭ ምንዛሪ ስለሚያስፈልገን ሰሊጣችንን ጥሬውን እንሸጣለን፤ ዋናዋ ገዢም ቻይና ናት። ለፋብሪካዎቻችን ግን ያልተጣራ የፓልም ዘይት ከእስያ በመርከብ እናስመጣለን። የሰሊጥ አገር ሆነን የሌላውን ዘይት እናጣራለን ማለት ነው። ማርትሬዛ ብርን ያስታውሷል?

በቡሬ በአንድ ምግብ ቤት ሁለት ቻይናውያን ባለሙያዎች ከአንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ ጋራ ምሳ ሲበሉ አገኘኋቸው። አንደኛው ሽሮውን በእንጀራ እየጠቀለለ ሲበላ አስተናጋጇን በአማርኛ «አመሰግናለሁ» አላት፤ ሣቅ ሆነ። ወጣቱ አስተርጓሚአቸው ነበር። ቋንቋውን የተማረው ከመንገድ ሥራ ካምፕ፣ በጆሮው ብቻ ነው። ወጣ ብለን ስንነጋገር የሽማግሌውን ነገር አጫወትሁት።

«ማሽኑን ሲፈቱ እንድታይ ይፈቅዱልሃል?» አልሁት።

«ሲፈቱም ሲገጥሙም አያለሁ፤ ማየት ግን አይበቃም» አለ። «ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ቁልፍ አቀብል ሲባሉ አቀብለው ዝም ይላሉ። እኔ ለምን ፈታችሁት? ብዬ በቋንቋቸው ስጠይቅ ይነግሩኛል፤ በወረቀት ሥለውም ያሳዩኛል። ያልጠየቀ ግን ኮንትራቱ ሲያልቅ እጁ እንደ መጣው ባዶውን ይመለሳል።»

ማን ያበጃል?

አንባቢ ሆይ፣ አሁን ከቡሬው ወጣትና ከላህ ወንዙ ሽማግሌ ጋራ ሆነን ወደ ትልልቆቹ ሥራዎች እንመልከት። ሁለት ባቡሮችን ላወዳድርልዎ።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ከዚህ 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን መለዋወጫ ዕቃ እየጠፋ፣ ጥገናው እየዘገየ፣ ከባቡሮቹ የሚበዙት ቆሙ። የሽማግሌው ጎማ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሽማግሌው የሞተራቸውን ዋጋ ከፍለው የጨረሱ መሆናቸው ብቻ ነው።

750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የጅቡቲ ሐዲድ ግን ሌላ ነገር ያስተምራል። በ2010 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ሲጀምር የሚያስተዳድሩት ቻይናውያን ነበሩ። ለስድስት ዓመት ያህል ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ባቡር መንዳቱን፣ ምልክቱን፣ ጥገናውን ከጎናቸው ሆነው ተማሩ፤ በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለሁለቱ አገሮች ሠራተኞች ተላለፈ። ችግር የለበትም አልልም፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ዕውቀቱ የሚተላለፍበት ጊዜ ተቈርጦ ነበር።

ሐዲዱ የሚያበቃበት ጅቡቲም ለጎጃም ገበሬ ሩቅ አይደለም። ሽማግሌው ሞተራቸውን ያገኙት፣ ለበቆሏቸው የሚሆነውንም ማዳበሪያ የሚያገኙት በዚያ ወደብ በኩል ነው። የአገራችን የውጭ ንግድ ዘጠኝ እጅ የሚሆነው በዚያ ያልፋል። ቻይና በጅቡቲ ወደብ ሥራ ትልቅ ድርሻ ከመያዟም በላይ፣ ከአገሯ ውጭ የመጀመሪያ የሆነውን የጦር ሰፈሯን የከፈተችው በዚያው፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያች ትንሽ አገር የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የጃፓን ጦርም አለ። ይህን ስል በቻይና ብቻ ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ የገበሬው ማዳበሪያ የሚያልፍበት በር የታላላቆች ሁሉ ዐይን ያረፈበት መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል ነው።

ዕዳውም አለ። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ መንግሥታችን ከቻይና ጋራ ተነጋግሮ የባቡሩ ብድር የመክፈያ ጊዜ ከዐሥር ዓመት ወደ ሠላሳ ዓመት እንዲራዘም አደረገ። ከዚያም በኋላ የአገሪቱ ጠቅላላ የውጭ ዕዳ ሲከብድ፣ አበዳሪ መንግሥታት የመሠረቱትን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። አበዳሪ ወዳጅ ቢሆንም አበዳሪ ነው። ወዳጅነቱ መንገዱን ያሠራል፤ ብድሩን የሚከፍለው ግን በመንገዱ ላይ የሚጫነው ዕቃ ነው። ዕቃው ጥሬ ሰሊጥ ከሆነ ክፍያው ረጅም ይሆናል፤ የተጨመቀ ዘይት ከሆነ ያጥራል።

በሩ ደግሞ ተዘግቶብናል ለማለት አይቻልም። ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቻይና እንደ ኢትዮጵያ ካሉ ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች ለሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቀረጥ አንሥታለች። በቴክኒክም በኩል በአዲስ አበባው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የሉባን ወርክሾፕ የሚባል የቻይና ማሠልጠኛ ተከፍቷል። እንግዲህ የሚቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በተከፈተው በር ምን ይዘን እንገባለን? ከማሠልጠኛው የወጣው ልጅስ ፍኖተ ሰላም ድረስ ወርዶ የሽማግሌውን ሞተር ያበጃል ወይ?

እኔ በበኩሌ ቻይናን ከሚያመልኩት ጋራም ሆነ ከሚረግሟት ጋራ አልተባበርም። ከውጭ የመጣ ዕቃ የእኛ የሚሆነው የገዛነው ቀን አይደለም፤ ሲሰበር ያበጀነው ቀን ነው። ከመንግሥት እስከ ገበሬ ውል የሚፈርም ሁሉ ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ቃል «ማን ያበጃል?» የሚለው ነው።

የማይገዛው መንገድ

ቃል እንደ ገባሁት በመጨረሻ አንድ ነገር ልናገር።

እኔ ከፍኖተ ሰላም ከተመለስሁ ዓመት ሳይሞላ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል የጦርነት ምድር ሆነ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በዚያችው በፍኖተ ሰላም በደረሰ ፍንዳታ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቆሰሉ። ያየሁት መንገድ ደጋግሞ ተዘጋ፤ ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። መንገድ ሲዘጋ የቡሬ ፋብሪካ እህል ከየት ያገኛል? የማንጎ ሻጪቱስ ፍሬዋን ለማን ትሸጣለች? ሽማግሌው ሞተራቸው ቢሰበር ባሕር ዳር ማንን ይልካሉ?

አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብ ካለ መንገድ የሚሠራ አይጠፋም። ኢጣልያኑ በዓባይ በረሃ ቆርጦታል፤ ጃፓኑ ድልድይ ጥሎለታል፤ ቻይናው አስፋልት ያለብሰዋል፤ ካሚዮንም ይሸጥልናል። ለፍኖተ ሰላም የወጣላት ስም ግን ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያውን ቃል፣ ፍኖቱን፣ በብድር ለማሠራት ይቻላል። ሁለተኛውን የሚያበድር ባንክም፣ በኮንትራት የሚሠራ ኩባንያም በዓለም ላይ አልተገኘም። እርሱን የምንሠራው እኛው ነን፤ ሲሰበርም የምናበጀው እኛው ነን።

ያ የላህ ወንዝ ሞተር ዛሬም ውሃ እየሳበ ይሆን? እንዲስብ እመኛለሁ። መንገዱ ተከፍቶ በደኅና ስንሄድ፣ እርስዎም ከእኔ ጋራ ወርደው ሽማግሌውን «እንደምን ዋሉ አባባ?» እንዲሏቸው እጋብዝዎታለሁ።